በሕዝብ ቈጠራ ውስጥ የአፍ መፍቻ ቋንቋና የብሔረሰብ ጥያቄ

፩. የነገሩ መነሻ

የአንድ አገር ሕዝብ ብዛቱ ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ቍጥር ይበቃዋል። ይህ ሕዝብ ከእነማን የተውጣጣ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ግን ቢያንስ ሁለት ቍጥር ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ሕዝቡ በብሔረሰብ ሲቈጠር፣ ሁለተኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲቈጠር የሚገኘው ነው። በጋዜጣም ሆነ በጓደኛሞች ክርክር እነዚህ ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ሲነገሩ፣ አንዱ የሌላው ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ እንሰማለን። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣነው ሁለቱ ጥያቄዎች በምን እንደሚለያዩ፣ ልዩነቱም በአገራችን የቈጠራ ውጤት ላይ ምን ያህል እንደሚታይ ለመግለጽ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሆነውን አቃቂ ቃሊቲን እንደ ምሳሌ ወስደናል። አቃቂ ቀድሞ ራሷን የቻለች ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር በእርስዋ በኩል ያልፍ ስለ ነበር፣ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ ናዝሬት የሚወስደውም አውራ ጎዳና በዚያው ስለሚሄድ፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በዙሪያዋ ተተከሉ። ፋብሪካ ባለበት ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛውም የየአገሩን ቋንቋ ይዞ ይመጣል። ኋላም በአካባቢው የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመሐል ከተማ ብዙ ሕዝብ አመጡ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ክፍለ ከተማው 181 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው።

፪. ሁለቱ ጥያቄዎች ምን ይጠይቃሉ?

አፍ መፍቻ ቋንቋ ማለት ስሙ እንደሚያስረዳው ሕፃን አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለሕዝብ ቈጠራ ባወጣው መመሪያ ሦስት ዓይነት የቋንቋ ጥያቄዎች ይለያሉ። የመጀመሪያው ሰውዬው በሕፃንነቱ በቤቱ ይነገር የነበረውን ቋንቋ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ዛሬ አዘውትሮ የሚናገርበትን፤ ሦስተኛው መናገር የሚችላቸውን ቋንቋዎች ሁሉ። አፍ መፍቻ የምንለው የመጀመሪያውን ነው። እንግዲህ ጥያቄው ስለ ዛሬ ሳይሆን ስለ ትናንት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ የሚሰጠው መልስ ከሰባ ዓመት በፊት ስለ ነበረ ቤት የሚናገር ምስክርነት ነው።

ብሔረሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ላይ ብሔርን፣ ብሔረሰብንና ሕዝብን ሲተረጉም የጋራ ባህል ወይም ተመሳሳይ ልማድ፣ ሊግባቡበት የሚችሉበት የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ እንዲሁም የሚኖሩበት ተያያዥ መልክዐ ምድር መኖሩን ይጠቅሳል። ቋንቋ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ትርጓሜው የሚናገረው ስለ ማኅበረሰብ ሲሆን፣ ቈጣሪው የሚጠይቀው ግን እያንዳንዱን ሰው ነው። ለግለሰቡ ጥያቄው ከማን ወገን ነህ የሚል ይሆንና መልሱ ከአባትና ከአያት፣ ከትውልድ ስፍራና ከራስ እምነት ይቀዳል።

ልዩነቱ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ እንዴት እንደሚታይ በምሳሌ እንይ። ምሳሌው የታሰበ ነው እንጂ የአንድ የታወቀ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም። አባት በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ በአቃቂ ፋብሪካ የተቀጠረ፣ እናት በዚያው አካባቢ ከኦሮሞ ገበሬ ቤት የተወለደች፣ ሦስት ልጆችም ያሉአቸው ናቸው እንበል። ባልና ሚስቱ የሚግባቡት በአማርኛ ስለ ሆነ ልጆቹም አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። ቈጣሪው ሲመጣ አባት ለልጆቹ የራሱን ብሔረሰብ ቢያስመዘግብ፣ ይህ ቤት በብሔረሰብ ሠንጠረዥ አራት ጉራጌና አንድ ኦሮሞ ሆኖ ይገባል። በቋንቋ ሠንጠረዥ ግን ሦስት አማርኛ፣ አንድ ጉራጊኛ፣ አንድ ኦሮምኛ ሆኖ ይታያል። አንድም አማራ ያልተመዘገበበት ቤት ሦስት የአማርኛ አፍ ፈቺዎችን አስገኘ ማለት ነው። ሁለቱም መልሶች እውነተኞች ናቸው፤ የዋሸም የለም።

፫. የአገሪቱ ቈጠራዎች

በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሕዝቡም 53.5 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ተጀምሮ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በኅዳር 2000 ዓ.ም. ተከናወነ፤ ውጤቱም ከ73.7 ሚሊዮን በላይ ነበር።

በ1987ቱ ቈጠራ በብሔረሰብ ብዛት ቀዳሚ የነበረው ኦሮሞ ሲሆን ከመቶ 32.1 እጅ ነበር፤ አማራ 30.1 እጅ በመሆን ይከተላል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ አማርኛ 32.7፣ ኦሮምኛ 31.6 እጅ ሆነ። አንባቢው ትልቁ ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚል ያሰኘዋል። በ1999ኙ ቈጠራ በሁለቱም በኩል ቀዳሚነቱ አንድ ሆነ፤ በብሔረሰብ ኦሮሞ 34.5፣ አማራ 26.9 እጅ፤ በቋንቋ ኦሮምኛ 33.8፣ አማርኛ 29.3 እጅ ሆኖ ተመዘገበ። ያም ሆኖ የሁለቱ ሠንጠረዦች ልዩነት አልጠፋም። አማርኛን አፍ መፍቻዬ ያለው ሕዝብ 21.6 ሚሊዮን ሲሆን አማራ ነኝ ያለው 19.9 ሚሊዮን ነበር፤ ቋንቋው ከብሔረሰቡ በ1.75 ሚሊዮን ያህል ይበልጣል። በኦሮሞ በኩል ተቃራኒው ታየ፤ ብሔረሰቡ ከቋንቋው በ430 ሺህ ያህል በልጦአል። ጉራጌ በብሔረሰብ 2.5፣ በቋንቋ 2.0 እጅ ነው። የሶማሌና የአፋር ቍጥር በሁለቱም ሠንጠረዦች እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀረው ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ልዩነቱ የሚሰፋው ሕዝቡ ከተማ በገባበትና በተቀላቀለበት ስፍራ ሲሆን፣ ሕዝቡ በገዛ አገሩ በአንድነት በሚኖርበት ግን ቋንቋና ብሔረሰብ አንድ መልክ ይዘው እንደሚገኙ ነው።

፬. የአዲስ አበባ ሁኔታ

ይህን አባባል አዲስ አበባ አጕልታ ታሳያለች። በ1961 እ.ኤ.አ. በተደረገው የከተማው ቈጠራ 443,728 ነዋሪ የነበራት ከተማ በ1999 ዓ.ም. 2.74 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ከዚህ ውስጥ በብሔረሰብ አማራ 47.0፣ ኦሮሞ 19.5፣ ጉራጌ 16.3፣ ትግራይ 6.2፣ ስልጤ 2.9፣ ጋሞ 1.7 እጅ ነበሩ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲታይ አማርኛ 71.0፣ ኦሮምኛ 10.7፣ ጉራጊኛ 8.4፣ ትግርኛ 3.6፣ ስልጢኛ 1.8፣ ጋሞኛ 1.0 እጅ ሆነ።

በ47ና በ71 መካከል ያለው የ24 እጅ ልዩነት ወደ 650 ሺህ ሰው ይሆናል። አዲስ አበባ ያላት ሕዝብ ከአገሪቱ ከመቶ 4 እጅ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ አማርኛ ከአማራ ብሔረሰብ በላይ ካገኘው ተናጋሪ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠውን የያዘችው እርስዋ ብቻዋን ናት። ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ሲመረመር ከኦሮሞ በኩል 8.8፣ ከጉራጌ 8.0፣ ከትግራይ 2.6፣ ከስልጤና ከጋሞ በድምሩ 2 እጅ ያህል፣ የቀረው ከሌሎች ብሔረሰቦች ነው። የጉራጌ ቋንቋዎች ተናጋሪ በከተማው ካለው የጉራጌ ብሔረሰብ ግማሽ ያህል ሲሆን፣ ኦሮምኛም ከግማሽ እምብዛም አይርቅም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። እነዚህ ቍጥሮች የተጣሩ ልዩነቶች ናቸው። በብሔረሰቡ አማራ ሆኖ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እርሱም በሠንጠረዡ ውስጥ ከሌላው ጋር ተቻችሎ አይታይም። ስንት ሰው ከየትኛው ቋንቋ ወደ የትኛው እንዳለፈ በትክክል ለማወቅ የእያንዳንዱ ሰው ሁለት መልሶች ጎን ለጎን የቀረቡበት ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ሁለት የተለያዩ ድምሮችን አቀናንሶ ስለ እያንዳንዱ ቤተሰብ መፍረድ አይቻልም።

ወደ አቃቂ ቃሊቲ ስንመለስ የቋንቋው ለውጥ ምክንያት ለዓይን የሚታይ ነው። በቀድሞ ጊዜ አዲስ መጪ የሚያርፈው የአገሩ ሰው ባለበት ሰፈር ስለ ነበረ ቋንቋውም በጎረቤቱ መካከል ጥቂት ይቈይ ነበር። የጋራ መኖሪያ ቤት ግን የሚገኘው በዕጣ ነው። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤቶች በዕጣ የተገናኙ እንጂ በወገን የተጠራሩ አይደሉም። ስለዚህ ልጆች በግቢው ሲጫወቱ ሁሉ የሚያውቀውን ቋንቋ ይይዛሉ። ይሁን እንጂ የስፍራ ስም እንደ ሰው ቋንቋ ቶሎ አይለወጥም። በዚያው አቅጣጫ ያለችው ቱሉ ዲምቱ ስሟ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ትርጕሙን የማያውቀውም ታክሲ ለመሳፈር በየቀኑ ይጠራዋል።

፭. ሠንጠረዡ ራሱ ሲለወጥ

ቍጥር ሲጨምርና ሲቀንስ ሁልጊዜ ሰው ተወለደ ወይም ሞተ ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የሚለወጠው የመመዝገቢያው ስም ዝርዝር ነው። በ1987 ዓ.ም. ጉራጌ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 4.3 እጅ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. 2.5 ሆነ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ሕዝቡ እንደ ቀነሰ ሊያስብ ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን በ1993 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ራሱን የቻለ ብሔረሰብ መሆኑን መርጦ፣ በሚቀጥለው ቈጠራ ከ900 ሺህ በላይ ሆኖ ለብቻው መመዝገቡ ነው።

ከዚህም የከበደ ምሳሌ የቅማንት ነው። በ1987ቱ ቈጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሕዝብ ከ172 ሺህ በላይ ሲሆን ቅማንትኛን አፍ መፍቻው ያደረገው ከ2 ሺህ ያነሰ ነበር። ሕዝቡን በቋንቋ ብቻ የሚቈጥር ሰው ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ሳያየው ያልፋል። በ1999ኙ ቈጠራ ደግሞ ቅማንት የሚለው ስም በብሔረሰቦች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ሕዝቡ በስፍራው እያለ ከሠንጠረዡ ጠፋ። ይህ ቅሬታ ከጊዜ በኋላ በሰሜን ጎንደር ለተነሣውና የብዙ ሰው ሕይወት ለጠፋበት የማንነት ክርክር አንዱ መነሻ ሆኖአል። እንዲሁም አርጎባ በ1987 ዓ.ም. ከ62 ሺህ በላይ ሕዝብ ሲሆን ቋንቋው አፍ መፍቻ የሆነለት ወደ 11 ሺህ ያህሉ ብቻ ነበር። ቋንቋውን ያጣ ሕዝብ ማንነቱን አጣ ማለት እንዳልሆነ እነዚህ ሁለቱ በቂ ምስክሮች ናቸው።

፮. የሌሎች አገሮች ልምድ

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በ1872 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ የብሔረሰብ መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው ቋንቋ ነው የሚል አሳብ ደግፎ ነበር። በተግባር ግን ኦስትሪያ በየዕለቱ የሚነገረውን ቋንቋ ስትጠይቅ ሃንጋሪ አፍ መፍቻውን ትጠይቅ ነበር፤ በአንድ ንጉሠ ነገሥት ሥር የነበሩ ሁለት አገሮች በሁለት ሚዛን መዘኑ ማለት ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1959 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም ለየብቻ ስለ ጠየቀች ሩሲያዊ ነኝ ያለው 114 ሚሊዮን፣ ሩስኛን አፍ መፍቻዬ ያለው 124 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። የአገራችን አጠያየቅ በቅርጹ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ጥያቄውን የተዉም አሉ። በቤልጅግ የአንድ ወረዳ የአስተዳደር ቋንቋ የሚወሰነው በቈጠራው ውጤት ስለ ነበር፣ ስለ ቋንቋ የሚሰጠው መልስ ምስክርነት መሆኑ ቀርቶ የድምፅ መስጫ ወረቀት ሆነ። የመጨረሻው የቋንቋ ቈጠራ የ1947 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ1961 በወጣው ሕግ ጥያቄው ከቈጠራ እንዲወጣ ተደረገ። ናይጄሪያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቈጠራዋ ብሔረሰብንና ሃይማኖትን ሳትጠይቅ አለፈች። እንዲህ ማድረግ ጠቡን ያበርድ ይሆናል፤ ነገር ግን ትምህርት ቤትና ፍርድ ቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀውን መንግሥት ዓይኑን ያሳውረዋል።

፯. በዚህ ላይ የተንጠለጠለው ጕዳይ

ለምን ይህን ያህል እንደክማለን ለሚል ሰው መልሱ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አለ። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ተወካይ ሲኖረው፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ተወካይ ያገኛል። ለክልሎች የሚሰጠው የድጎማ ቀመርም የሕዝብን ብዛት ያስባል። እንግዲህ በብሔረሰብ ሠንጠረዥ ላይ ያለ ቍጥር መቀመጫም ገንዘብም ነው። ከ1999ኙ ቈጠራ በኋላ የአማራ ክልል ዓመታዊ ዕድገት 1.7፣ የአገሪቱ 2.6 ከመቶ መሆኑ ሲገለጽ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጭምር ብርቱ ክርክር የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሠንጠረዥ ደግሞ በይበልጥ የሚጠቅመው ለአገልግሎት ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዶአል። በአዲስ አበባ በአማርኛ ከሚያስተምሩት ጋር በኦሮምኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ለእነዚህ ስንት ክፍልና ስንት መምህር እንደሚያስፈልግ ሲታሰብ የሚወሰደው 19.5 ነው ወይስ 10.7? በእኛ አሳብ ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። የመጀመሪያው ልጁን በአያቱ ቋንቋ ለማስተማር ሊፈልግ የሚችለውን ወላጅ ሁሉ ያመለክታል። ሁለተኛው በልጅነት የተነገረውን ቋንቋ ቢያሳይም ከገጠር የመጣውን የአርባ ዓመት ሰውና በከተማ የተወለደውን ሕፃን አንድ ላይ ይደምራል። ለትምህርት ቤት የሚያስፈልገው በዕድሜ የተከፋፈለ የቋንቋ ሠንጠረዥና የወላጆች ፍላጎት ነው። በአንጻሩ በአቃቂ ቃሊቲ ጤና ጣቢያ ለምትታከም አሮጊት የሚያስፈልገው የልጅ ልጅዋ ቋንቋ ሳይሆን የራስዋ ነው።

ሌላው ችግር ጊዜው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቈጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛል። አራተኛው ቈጠራ በ2010 ዓ.ም. እንዲሆን ታስቦ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጸጥታና በሕዝብ መፈናቀል ምክንያት በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ እንደገና እንዲራዘም ተወሰነ። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ ደርሶአል፤ እኛ ግን ስለ እርሱ ቋንቋ የምንከራከረው በተወለደበት ዓመት በተጻፈ ወረቀት ነው። በዚህ መካከል የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ስለ ወሰናቸው ስለ ተስማሙ፣ በከተማው ዳርቻ ያሉትን ስፍራዎች የድሮ ቍጥር ከሚመጣው ጋር የሚያስተያይ ሁሉ አስቀድሞ ካርታውን ማየት ይኖርበታል።

፰. ማጠቃለያ

ከላይ ከተጻፈው ሦስት ነገሮችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ ብሔረሰብና አፍ መፍቻ ቋንቋ ሁለት ጥያቄዎች ስለ ሆኑ አንዱን ለሌላው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ የልዩነታቸው ስፋት የመቀላቀል መለኪያ ስለ ሆነ ከሁለቱ አንዱን ሐሰት ከማለት ይልቅ ልዩነቱን ራሱን ማጥናት ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ የሚመጣው ቈጠራ የሁለቱን መልሶች በዕድሜና በወላጅ ለይቶ ጎን ለጎን ቢያወጣ፣ ወላጆቹ ከሁለት ወገን የሆኑለት ሰውም ሁለቱንም ለመመዝገብ ቢፈቀድለት፣ ብዙ ክርክር ይቀንሳል። የተባበሩት መንግሥታት መመሪያም ሰው ስለ ራሱ በሚሰጠው ቃል እንዲመዘገብና ከአንድ በላይ ወገን ለመጥቀስ እንዲችል ይመክራል።

እስከዚያው ድረስ ለተማሪዎች የሚሆን ሥራ አለ። በአንድ ቀበሌ ወይም በአንድ የጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ አያት፣ አባትና ልጅ አፋቸውን በምን ቋንቋ እንደ ፈቱ፣ ዛሬም በቤት፣ በገበያና በጸሎት ስፍራ በምን እንደሚናገሩ መጠየቅ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትዕግሥትንና፣ ከሁሉም በላይ፣ የተጠየቀው ሰው የሚሰጠውን መልስ ሳያርሙ መጻፍን ነው። መምህራኖቻችን እንዲህ ያለውን ሥራ ቢመሩልን፣ ጓደኞቻችንም በየሚኖሩበት ክፍለ ከተማ ቢጀምሩት፣ ወደ ፊት በዚህ መጽሔት የሚወጣው ጽሑፍ ከዚህኛው በተሻለ ማስረጃ ላይ የቆመ ይሆናል።